ማይክል ፋራዴይ፤ የብረት ቀጥቃጩ ልጅ

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፥ ከሕፃናት ክፍል አንድ ልጅ ጠጋ ብሎ ጧፍ ነዶ ሲያልቅ ሰሙ ወዴት እንደሚሄድ ጠየቀን። ፈስሶ አለቀ እንዳንለው የሚንጠባጠበው ጥቂት ነው። ጢስ ሆነ እንዳንለው ደኅና አድርጎ የሚነድ ጧፍ ጢሱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከመካከላችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አለን፤ ሳይንስ የምናጠናም አንጠፋም። ሆኖም ለአንድ የስምንት ዓመት ልጅ የሚገባ መልስ በቶሎ ማግኘት አቃተን። ይቃጠላል ብለን አለፍነው። ልጁ አልረካም፤ እውነቱን ለመናገር እኛም አልረካንም።

ነገሩን ስናወጣና ስናወርድ ነው ማይክል ፋራዴይ ትዝ ያለን። ይህ እንግሊዛዊ ሊቅ በ1860 የገና ሰሞን፥ የ69 ዓመት ሽማግሌ ሳለ፥ በለንደን ከተማ ልጆችን ሰብስቦ ስለ ሻማ ስድስት ትምህርት ሰጥቷል። ስለ ነገሥታት አይደለም፥ ስለ ጦርነትም አይደለም፤ ሱቅ ስለሚሸጠው ሻማ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።)

ልጆች፥ የዚህን ሰው ሕይወት ልንነግራችሁ የፈለግንበት ሌላም ምክንያት አለን። ከእናንተ መካከል ሒሳብ አይሆንልኝም፥ ስለዚህ ሳይንስ የእኔ ዕጣ አይደለም የሚሉ ብዙ መሆናቸውን እናውቃለን። ፋራዴይ ከመደመር፥ ከመቀነስ፥ ከማባዛትና ከማካፈል ብዙም ያልራቀ ሒሳብ ይዞ ነው የኖረው። በዘመኑ የነበሩት የሒሳብ ሊቃውንት የሚጽፉትን ማንበብ አይችልም ነበር። ዛሬ በየቤታችን የሚበራው ኮረንቲ ግን ከእሱ እጅ ሥራ የመነጨ ነው። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ?

ማይክል የተወለደው ሴፕቴምበር 22 ቀን 1791 ከለንደን በስተ ደቡብ ኒውንግተን በምትባል ሰፈር ነው። አባቱ ጄምስ ሥራ ፍለጋ ከሰሜን እንግሊዝ የመጣ ብረት ቀጥቃጭ ሲሆን እናቱ ማርጋሬት ትባላለች። በአገራችን ማረሻውንና ማጭዱን ከእጁ እየተቀበሉ ቀጥቃጩን ግን መናቅና ከእሱ መራቅ የቆየ ክፉ ልማድ እንደ ነበረ ታውቃላችሁ፤ የሚያሳፍረን ነገር ነው። በእንግሊዝ አገር ሙያው እንዲህ ባይሸሽም ድህነቱ ግን ያው ነበር። ጄምስ በሽተኛ ስለ ነበረ አንድ ቀን ቢሠራ ሌላውን ቀን ይተኛል። በ1801 እህል ሲወደድ ለማይክል ለሳምንት የምትበቃው አንድ ዳቦ ትሰጠው ነበር። ዕድሜው ገና ዘጠኝ ዓመት ነው። ትምህርቱም ማንበብ፥ መጻፍና ጥቂት ሒሳብ ብቻ ነበር።

ቤተሰቡ ሳንዴማናውያን የምትባል ትንሽ የክርስቲያኖች ማኅበር አባል ነበር። ሥርዓታቸው ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የራቀ ነው። ነገር ግን በምድር ላይ ሀብት አለማከማቸትን አጥብቀው ያስተምሩ ስለ ነበረ፥ ይህ ትምህርት በማይክል ሕይወት ውስጥ እስከ መጨረሻው እንዴት እንደ ተከተለው ወደፊት ታያላችሁ።

ልጁ 13 ዓመት ሲሆነው፥ በ1804፥ ሪቦ በሚባል ፈረንሳዊ መጽሐፍ ሻጭና ደጓሽ ቤት ተላላኪ ሆኖ ገባ። ሥራው ጋዜጣ ማዞር ነበር። በዚያን ጊዜ ጋዜጣ ውድ ስለ ነበረ ሰዎች በኪራይ ያነቡታል፤ ማይክል ለአንዱ ቤት ይሰጥና ተነቦ ሲያልቅ ተቀብሎ ለሚቀጥለው ያደርሳል። ጌታው ሪቦ ትጋቱን አይቶ ከአንድ ዓመት በኋላ ያለ ክፍያ የሰባት ዓመት የሙያ ተማሪ አደረገው። እንግዲህ ማይክል ገጽ መስፋት፥ ቆዳ መለበጥ፥ መጽሐፍ መደጎስ ተማረ። የእጁ ጥንቃቄ የመጣው ከዚህ ነው ብለን እናምናለን።

ሌላው ደጓሽ መጽሐፉን ሰፍቶ ይመልሳል። ማይክል ግን ሰፍቶ ያነብበዋል። ለጥገና ከመጣ የብሪታኒካ መድበለ ዕውቀት ቅጽ ስለ ኤሌክትሪክ የተጻፈውን አነበበ። ጄን ማርሴት የተባለች ሴት ለጀማሪዎች ስለ ኬሚስትሪ የጻፈችው መጽሐፍም እጁ ገባ። እሷን ዕድሜ ልኩን እንደ መምህሩ ያከብራት ነበር። ከሁሉ የሚያስደንቀን ግን ያነበበውን እንዲሁ አለማመኑ ነው። ከኪሱ በተገኘች ሳንቲም ሁሉ ዕቃ እየገዛ፥ መጽሐፉ ይሆናል ያለው ነገር በእርግጥ ይሆን እንደሆነ ራሱ ይሞክር ነበር። በጠርሙስ የእሳት ብልጭታ የሚያወጣ መሣሪያ ሠራ። ከሳንቲምና ከዚንክ ዝርግ ደግሞ ትንሽ ባትሪ ሠራ። ማታ ማታ በከተማው የሚሰጥ የሳይንስ ትምህርት ነበር፤ መግቢያው አንድ ሽልንግ ነው። ያችን ሽልንግ የሚከፍልለት እንደ አባቱ ቀጥቃጭ የሆነው ታላቅ ወንድሙ ሮበርት ነበር። አባታቸው በ1810 ሞቷል።

በ1812 የመጽሐፍ ቤቱ ደንበኛ የሆነ አንድ ሰው የሃምፍሪ ዴቪን ትምህርት የሚያይበት መግቢያ ወረቀት ሰጠው። ዴቪ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር ስመ ጥሩ የኬሚስትሪ ሊቅ ነበር፤ ፖታሲየምና ሶዲየም የተባሉትን ንጥረ ነገሮች ለይቶ ያወጣ እሱ ነው። የሚያስተምረውም ሮያል ኢንስቲትዩሽን በሚባለው ተቋም ውስጥ ነበር። ማይክል አራት ጊዜ ሄዶ ሰማ። የሰማውን ሁሉ ጻፈ፤ ያየውን መሣሪያ ሁሉ በሥዕል አስቀመጠ። ከዚያም 300 ገጽ ያህል የሆነውን ማስታወሻ በገዛ እጁ ደጉሶ ለዴቪ ላከለት፤ ሥራ እንዲሰጠውም ለመነ።

ዴቪ በጎ መልስ ሰጠው፤ ሥራ ግን አልነበረውም። እንዲያውም የድጉሰቱን ሙያ እንዳይተው መከረው። ትንሽ ቆይቶ ግን የቤተ ሙከራው ረዳት ከሰው ጋር ተደባድቦ ተባረረ፤ ማይክልም ተጠራ። ማርች 1 ቀን 1813 በሳምንት 25 ሽልንግ እየተከፈለው፥ በሕንፃው የላይኛው ፎቅ ሁለት ክፍል ተሰጥቶት ሥራ ጀመረ። ዕድሜው 21 ነበር። ሰው በጠብ ከሥራው ሲወጣ ደስ አይልም፤ ግን ያ ጠብ ባይኖር ኖሮ ፋራዴይ መጽሐፍ ሲደጉስ ይኖር ነበር ብለን መገመታችን አልቀረም።

በዚያው ዓመት ዴቪ ከሚስቱ ጋር ወደ አውሮፓ ሲጓዝ ማይክልን ይዞት ሄደ። የዴቪ አሽከር ለመሄድ እምቢ ስላለ ማይክል ለጊዜው የእሱንም ሥራ ደርቦ እንዲሠራ ተጠየቀ። ለጊዜው የተባለው ለአንድ ዓመት ተኩል ሆነ። የዴቪ ሚስት እንደ አሽከር ስለምታየው ልቡ ክፉኛ ቆስሎ ሁሉንም ትቶ ወደ አገሩ ሊመለስ አስቦ ነበር። ነገር ግን በዚሁ ጉዞ በፍሎሬንስ ከተማ ዴቪ የፀሐይን ጨረር በትልቅ መስተዋት ሰብስቦ አልማዝ ሲያቃጥል አየ፤ አልማዝም ከከሰል ጋር አንድ ዘር መሆኑ ተረጋገጠ። በሚላን የባትሪን ፈልሳፊ ቮልታን ተዋወቀ። ለእንዲህ ያለ ትምህርት ሲል ሻንጣ መሸከሙን ታገሠ።

አሁን ወደ ዋናው ሥራው እንምጣ። በ1820 ኤርስቴድ የተባለ የዴንማርክ ሊቅ ኮረንቲ የሚያልፍበት ሽቦ አጠገቡ ያለችውን የኮምፓስ መርፌ እንደሚያንቀሳቅስ አገኘ። የአውሮፓ ሊቃውንት ሁሉ በዚህ ነገር ላይ ወደቁ፤ ብዙዎቹ ወረቀት ይዘው ያሰላሉ። ፋራዴይ ማስላት አይችልም። ስለዚህ መርፌዋን ይዞ በሽቦው ዙሪያ እየዞረ፥ በየቦታው ወዴት እንደምትገፋ ተመለከተ። ግፊቱ ዙሪያውን ክብ እንደሚሠራ አየ። በሴፕቴምበር 1821 በሜርኩሪ በተሞላ ዕቃ መካከል ማግኔት አቁሞ፥ ሽቦ ከላይ አንጠልጥሎ ኮረንቲ ለቀቀበት። ሽቦው ማግኔቱን ይዞር ጀመር። ዛሬ ወፍጮውንና የውሃ መሳቢያውን የሚያሽከረክረው ሞተር አያቱ ይህ ነው። በዚያው ዓመት በገና ዕለት ያለ ማግኔት፥ በምድር መግነጢሳዊ ኃይል ብቻ ሽቦውን ሲያዞረው፥ በቅርቡ ያገባት ሚስቱ ሣራ ወርዳ እንድታይ ጠራት።

ደስታው ግን ወዲያው መረረ። ዎላስተን የሚባል የተከበረ ሊቅ ከዴቪ ጋር ሆኖ ለዚህ የሚቀራረብ ነገር ሞክሮ አልተሳካለትም ነበር። ፋራዴይ ሥራውን ሲያሳትም የዎላስተንን ስም አላነሣም፤ ሊያማክረው ፈልጎ ሰውየው ከከተማ ወጥቶ ስለ ነበረ ሳይጠብቀው አሳተመ። መቸኮሉ ጥፋት ነበር ብንል አንሳሳትም። የሌላውን ሐሳብ ሰረቀ የሚል ሐሜት ተነሣ። ዎላስተን ራሱ ነገሩን በእርጋታ ቢያልፈውም፥ ያሳደገው መምህሩ ዴቪ ግን ፊቱን አዞረበት። በ1823 ወዳጆቹ ፋራዴይን ሮያል ሶሳይቲ በተባለው የሊቃውንት ማኅበር አባልነት ሲያጩት፥ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት የነበረው ዴቪ ተቃወመ፤ ስሙንም እንዲያወጣ ጠየቀው። ፋራዴይ አላወጣም። በጃኑዋሪ 1824 በምስጢር በተሰጠው ድምፅ አንድ ተቃውሞ ብቻ ገጥሞት ተመረጠ።

ይሁን እንጂ በሚቀጥለው ዓመት ፋራዴይ የቤተ ሙከራው ኃላፊ የሆነው በዴቪ አሳሳቢነት ነው። የሰው ልብ እንዲህ ነው፤ በአንድ ቃል ክፉ ወይም ደግ ብሎ መዝጋት አይቻልም። ፋራዴይም ስለ ዴቪ ዕድሜ ልኩን በአክብሮት እንጂ በሌላ አልተናገረም።

ከዚህ በኋላ ብዙ ዓመት ለመነጽር የሚሆን ጥሩ መስተዋት እንዲሠራ ታዝዞ በምድጃ ፊት ደከመ። ልፋቱ ያን ያህል ፍሬ አልሰጠም። (አንዷን ወፍራም መስተዋት ግን አትርሱብን፤ ኋላ እንፈልጋታለን።) ከትእዛዙ እንደ ተላቀቀ ወደ ቀድሞው ጥያቄ ተመለሰ። ኮረንቲ ማግኔት የሚወልድ ከሆነ፥ ማግኔትስ ኮረንቲ ሊወልድ አይችልምን?

ኦገስት 29 ቀን 1831 ስፋቱ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የብረት ቀለበት ያዘ። በአንዱ ወገን ሽቦ ጠመጠመ፤ በሌላው ወገንም እንዲሁ። በዚያን ጊዜ እንደ ዛሬው በፕላስቲክ የተሸፈነ ሽቦ ስለሌለ በየዙሩ መካከል ሲባጎና ጨርቅ እያስገባ እንዳይነካካ አደረገው። የደጓሽ እጅ ሥራ ነው። አንዱን ጥምጥም ከባትሪ ጋር፥ ሁለተኛውን ከመርፌ ጋር አገናኘ። ባትሪው ሲገናኝ መርፌዋ ዘለለችና ተመለሰች። ኮረንቲው እየፈሰሰ ሳለ ግን ዝም አለች። ባትሪው ሲቋረጥ እንደገና፥ በተቃራኒው አቅጣጫ ዘለለች።

ከእሱ በፊት የሞከሩት ሁሉ ሲጠብቁ የነበረው የማይቋረጥ ኮረንቲ ነበር፤ ስላላገኙትም ምንም የለም ብለው ተዉት። ፋራዴይ ግን ያችን ቅጽበታዊ ዝላይ ንቆ አላለፋትም። የምትወልደው ማግኔቱ መኖሩ ሳይሆን መለዋወጡ መሆኑ ገባው። ኦክቶበር 17 ቀን ማግኔት በተጠመጠመ ሽቦ ውስጥ ከተተና አወጣ፤ በገባና በወጣ ቁጥር መርፌዋ ተንቀሳቀሰች። በዚያው ወር መጨረሻ የመዳብ ዝርግ በትልቅ ማግኔት ጫፎች መካከል በማሽከርከር ሳይቋረጥ የሚፈስ ኮረንቲ አገኘ። የቢስክሌታችሁ ዲናሞ ይኸው ነው። በቆቃም ሆነ በታላቁ የኅዳሴ ግድብ የሚወርደው ውሃ የሚሠራው ሥራ፥ ማግኔትን በጥምጥም ሽቦ መካከል ማሽከርከር ነው።

በዚህ ጊዜ ሀብታም መሆን ይችል ነበር። ለፋብሪካዎችና ለነጋዴዎች ምክር በመስጠት በ1830 ከ1000 ፓውንድ በላይ አግኝቷል፤ ከተቋሙ ከሚከፈለው ደመወዝ እጅግ ይበልጣል። ምርምሩን ስለሚሻማበት ተወው። ኋላም የሹመት ማዕረግ ሊሰጠው ሲታሰብ አልፈለገም፤ የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት እንዲሆን ሁለት ጊዜ ተጠይቆ ሁለቱንም ጊዜ እምቢ አለ። የልጅነት ትምህርቱ አልለቀቀውም።

ሒሳብ የሌለው ሰው ግን ያገኘውን በምን ያስረዳል? በሥዕል። ልጆች፥ ይህን ራሳችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። ማግኔት አስቀምጡና ወረቀት አልብሱት፤ በወረቀቱ ላይ በሞረድ የተፈቀፈቀ ብረት ነስንሱና ወረቀቱን በጣት መታ መታ አድርጉት። ብናኙ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እንደ ቀስት የጎበጡ መስመሮች ይሠራል። ሌሎች ሊቃውንት ይህን እንደ ጨዋታ ነበር የሚያዩት። ለእነሱ ኃይል ማለት ከማግኔቱ ተነሥቶ በመካከል ያለውን ባዶ ቦታ ዘልሎ ሌላውን የሚስብ ነገር ነው። ፋራዴይ ግን ባዶ የመሰለው ቦታ ባዶ አይደለም፤ የኃይል መስመሮች ሞልተውታል፤ ብረቱን የሚስበው አጠገቡ ያለው መስመር ነው አለ። የሒሳብ ሰዎች ፈገግ ብለው አለፉት። ቁጥር የሌለው ሐሳብ ለእነሱ ሐሳብ አልነበረም።

ከዚያ ጨለማ ዘመን መጣበት። ከ1839 በኋላ ራሱን ያዞረው ጀመር፤ ማስታወስም ተሳነው። ጥቂት ዓመታት ምርምሩን አቋርጦ በ1841 ለዕረፍት ወደ ስዊዘርላንድ ሄደ። በ1844 ደግሞ ሽማግሌ ሆኖ ያገለግልባት ከነበረችው ከማኅበሩ ለጥቂት ሳምንታት ተገለለ። ብዙ ጊዜ የሚተረከው በእሑድ ቀን ከንግሥቲቱ ጋር ምሳ በመብላቱ ነው እየተባለ ነው። ነገር ግን በዚያው ሰሞን ሌሎችም ብዙ ምእመናን አብረው ስለ ተገለሉ፥ ምክንያቱ በማኅበሩ ውስጥ የተነሣ ክርክር መሆኑ ይበልጥ ያሳምናል። መንገዱ የትም ቢሆን እጅግ አዘነ፤ ነገር ግን በራሱ ማኅበር ላይ በአደባባይ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ሲመልሱትም ተመለሰ።

ብርሃን፥ ኤሌክትሪክና ማግኔት የአንድ ፈጣሪ ሥራ ስለሆኑ ዝምድና ሊኖራቸው ይገባል የሚል እምነት በልቡ ነበረ። እምነቱን ግን እንደ ማስረጃ አላቀረበውም፤ ማስረጃውን ከቤተ ሙከራ ፈለገ። በሴፕቴምበር 1845 አንድ ወጥ አቅጣጫ የያዘ ብርሃን በልዩ ልዩ ነገሮች ውስጥ እያሳለፈ ማግኔት አስጠጋ። ምንም የለም። በመጨረሻ ያችን ያለ ጥቅም የቀረች ወፍራም መስተዋት ከመደርደሪያ አወጣ። ብርሃኑ በእሷ ውስጥ ሲያልፍ የማግኔቱ ኃይል አቅጣጫውን ጠመዘዘው። ማግኔትና ብርሃን ዘመዳማች መሆናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ።

ኋላ ማክስዌል የተባለ ስኮትላንዳዊ ወጣት የሒሳብ ሊቅ የፋራዴይን መስመሮች ከምር ወሰዳቸው። በ1857 ጽሑፉን ሲልክለት ፋራዴይ የ65 ዓመት ሰው ነው፤ ማክስዌል ገና 25 ነው። ሽማግሌው የሒሳቡን ብዛት አይቶ መጀመሪያ ደንገጥ ቢልም፥ ሐሳቡ ከሒሳብ ጋር እንዲህ በመስማማቱ ተደሰተ፤ የደረሰበትን ውጤትም በተራ ቃል እንዲጽፍለት ያለ ኀፍረት ለመነው። ማክስዌል በ1865 ባሳተመው ጽሑፍ ብርሃን ራሱ የኤሌክትሪክና የማግኔት ማዕበል መሆኑን በሒሳብ አሳየ። ሬዲዮ የመጣው ከዚያ ነው። ሒሳብ አያስፈልግም ማለታችን እንዳይመስላችሁ፤ ማክስዌል ባይኖር መስመሮቹ ሥዕል ሆነው ይቀሩ ነበር። ግን መጀመሪያ ያያቸው ቀጥቃጩ ያሳደገው ነው።

ልጅ አልወለደም። ልጆችን ግን ይወድ ነበር። ሮያል ኢንስቲትዩሽን ከ1825 ጀምሮ በገና ሰሞን ለወጣቶች ትምህርት ይሰጣል፤ ዛሬም አልተወውም። ፋራዴይ ከ1827 እስከ 1860 ባለው ጊዜ 19 ዙር አስተምሯል። የንግሥቲቱ ልጆችም መጥተው ከሌሎቹ ጋር ተቀምጠው ሰምተውታል። የመጨረሻው ዙር መግቢያችን ላይ ያነሣነው የሻማው ትምህርት ነው። እኛም በሚቀጥለው እሑድ ሻማ፥ ማንኪያና ኖራ ይዘን ያንን ልጅና ጓደኞቹን ሰበሰብን።

በመጀመሪያ ሰሙ ራሱ አይነድም። ነበልባሉ ሰሙን ያቀልጠዋል፤ የቀለጠው በክሩ ውስጥ ወደ ላይ ይሳባል። በኩራዝ ውስጥ ያለው ጋዝ በክሩ እንደሚወጣ ማለት ነው። ክሩ ጫፍ ሲደርስ ሙቀቱ ወደ ተን ይለውጠዋል፤ የሚነደው ይህ ተን ነው። ለማረጋገጥ ሻማውን እፍ ብላችሁ አጥፉና ከክሩ የሚወጣውን ነጭ ጢስ ከላዩ በክብሪት ለኩሱት፤ እሳቱ በጢሱ ላይ ወርዶ ክሩን ሳትነኩት ያበራዋል። እኛ ሦስት ጊዜ ሞክረን አልሆነም፤ ልጆቹም ሣቁብን። በሩ ተከፍቶ ነፋስ ጢሱን ይበትነው ነበር። በሩ ሲዘጋ ነበልባሉ እንደ አይጥ ዘልሎ ወረደ። (ክብሪቱን ትልቅ ሰው ይያዝ።)

ሁለተኛ፥ ነጭ ሳሕን በነበልባሉ መካከል ብትይዙ ጥላሸት ይቀበላል። ያ ጥላሸት ከሰል ነው። ብርሃን የሚሰጠን እሱ ነው፤ በነበልባሉ ውስጥ ግሎ ያበራል፥ ወደ ጫፍ ሲደርስ ይቃጠላል።

ሦስተኛ፥ ቀዝቃዛ ማንኪያ ከነበልባሉ ከፍ አድርጋችሁ ለአፍታ ብትይዙ ጉም ይለብሳል። ውሃ ነው። ከእሳት ውሃ! ልጁ በጣቱ ጠርጎ አየና እንደሚጠጣ ጠየቀን።

አራተኛ፥ በጠርሙስ ውስጥ ሻማ አንድደን፥ ሲጠፋ የጠለለ የኖራ ውሃ ጨምረን ብንወዘውዘው እንደ ወተት ነጣ። ይህን ያደረገው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው አየር ነው። በሌላ የኖራ ውሃ ውስጥ በቀጭን ቱቦ እስትንፋሳችንን እፍ አልንበት፤ እሱም ነጣ። ፋራዴይ በመጨረሻው ትምህርቱ ለልጆቹ ያሳያቸው ይህንን ነው። የምንበላው ምግብ በውስጣችን ከአየር ጋር የሚገናኘው ሻማ በሚነድበት መንገድ ነው፤ እኛም በቀስታ የምንነድ ነን።

እንግዲህ ሰሙ የትም አልጠፋም። ከአየሩ ኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኗል፤ ሁለቱን ሰብስበን ብንመዝናቸው ኦክሲጅኑ ስለ ተጨመረባቸው ከሻማው ራሱ ይከብዳሉ። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ቅጠል ይወስደዋል። ተክሉ ያብባል፤ ንብ አበባውን ትቀስማለች፤ ከዚያ ሰም ትሠራለች። ልጁ ይህን ሲሰማ ብዙ ዝም ብሎ ቆየ፤ ከዚያም ዛሬ የነደደው ጧፍ ተመልሶ ጧፍ ሊሆን ይችላል ማለት ነው ወይ ሲል ጠየቀ። ሊሆን ይችላል አልነው፤ ጊዜ ግን ይወስዳል።

ከሻማው ትምህርት በኋላ ፋራዴይ ብዙም አልሠራም። በ1862 የመጨረሻ ሙከራው ማግኔት የነበልባልን ብርሃን ቀለም ይለውጥ እንደሆነ መመርመር ነበር። ምንም አላየም፤ አላየሁም ብሎ መዘገበ። ዜማን የተባለ የሆላንድ ሊቅ በ1896 በተሻለ መሣሪያ ሞክሮ ለውጡን አገኘው። ጥያቄው ልክ ነበር ማለት ነው።

ማስታወሱ እየተወው ሄደ። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1858 በሃምፕተን ኮርት የሚኖርበት ቤት ስትሰጠው የማደሻው ገንዘብ አሳሰበው፤ እሷም አሳድሳ ሰጠችው። እዚያው ቤት ኦገስት 25 ቀን 1867 በወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ ዐረፈ። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከመሞታቸው ስምንት ወር ያህል በፊት መሆኑ ነው። እንግሊዝ ታላላቆቿን በዌስትሚንስተር ትቀብራለች፤ እሱ ግን አስቀድሞ አልፈለገም። ሃይጌት በሚባለው መቃብር ቦታ በጥቂት ሰዎች ፊት ተቀበረ። በድንጋዩ ላይ ስሙ፥ የተወለደበትና የሞተበት ቀን ብቻ ተጽፏል።